ከባሕር ማዶ የመጣውና በደጃችን የነበረው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ይለይበታል። ዋናው መንገድ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ቅርንጫፉ ግን ከዋሻው ሳይገባ በስተግራ ታጥፎ፣ በመዘዞ በኩል አድርጎ፣ ወደ መንዝ ደጋ ይዘልቃል፤ የማማ ምድር ወረዳ ርእሰ ከተማ የሆነችው ሞላሌና የጌራ ምድሯ መሐል ሜዳ የሚገኙት በዚህ በኩል ነው። ለመንገድ ጥናት ወደዚያ በተመላለስሁባቸው ጊዜያት መኪናችን ከመገንጠያው በደረሰች ቁጥር አንድ ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። በስተቀኝ ያለው ዋሻ ባዕድ በኃይል ገብቶ የሠራው ነው፤ ባዕዱ ከሄደ በኋላም እንገለገልበታለን። በስተግራ ባለው ደጋ ላይ ደግሞ አባቶቻችን ራሳቸው ያቆሙት፣ ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጠብቆ ያቆየ አስተዳደር ነበር። ስለዚህኛው ግን በትምህርት ቤት የነገረን አልነበረም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች፣ አገራችን መልካም የሕዝብ አስተዳደርን ከሌሎች አገሮች ልምድ እንዴት እንደተማረች የሚያሳይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጋበዙኝ ጊዜ፣ ነገሩ የሕግ ሊቃውንትና የታሪክ ምሁራን ድርሻ ነው ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው መሐንዲስም በዚህ ጉዳይ የሚናገረው አያጣም። እኛ የሌላ አገር የንድፍ መመሪያ ገልጠን ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን። መመሪያውን ለእኛ ዝናብ፣ ለእኛ ጥቁር አፈር፣ ለእኛ የጭነት መኪና ሳናስተካክል የገለበጥነው መንገድ በስንት ክረምት እንደሚፈርስ እናውቃለን። ከዚህም በላይ፣ ከውጭ የምናመጣው ሥዕሉን ብቻ ሲሆንና ሥዕሉ እንዲሠራ የሚያደርገውን ልማድ ስንተወው ምን እንደሚከተል ከማንም ይልቅ ለእኛ ግልጽ ነው። የሚከተለው ትረካ በዚህ ዓይን የታየ ነው።

ከሌላው ዓለም እንማር የሚለው ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአውሮፓ ሥርዓት አምሳል ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ተባሉ። ከተሿሚዎቹ አብዛኞቹ ሥራውን ቀድሞም በሌላ ስም ይሠሩት ነበር። አፈ ንጉሡ ከዚያ በፊትም ፈራጅ፣ በጅሮንዱም ከዚያ በፊት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩና። ስሙ ተለወጠ፤ ደመወዝ፣ በጀትና መዝገብ ግን ከስሙ ጋር አብረው አልመጡም።

ይህን ጉድለት በዘመኑ ከማንም አብልጠው የተመለከቱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው፣ በአንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ ዘንድ አድገው፣ በጀርመን አገር የተማሩት እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሥመራ ላይ አሳተሙ። ጃፓንን አብነት አድርገው አቀረቡ። የጠየቁት ግን የጃፓንን ልብስ ወይም የጃፓንን ማዕረግ አልነበረም። የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ፣ የግብሩ ልክ እንዲታወቅና በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሹም በደመወዝ እንዲያድር፣ ሕጉ ተጽፎ ለሁሉ እንዲታይ ነው የጠየቁት። ሁሉም ደረቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሁለተኛው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። እኔም በዚያው ዕድሜ ገደማ ያለሁ ሰው በመሆኔ፣ መጽሐፉን ባነበብሁ ቁጥር ከይዘቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ይከብደኛል።

የጃፓን አብነት በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ከእርሳቸው ሞት አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተዘጋጀው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ሲሆን፣ ዋነኛው አርአያ እ.ኤ.አ. የ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ተክለ ሐዋርያት የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ በሰያ ደብር ተወልደው፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ያረቀቁት ሕግ 55 አንቀጾች ነበሩት። ለንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ያለውን ሥልጣን ሰጠ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችንም አቋቋመ። የሕግ መምሪያው አባላት ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ። የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ ወጪ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ አንቀጽ ቢሠራበት ኖሮ የገብረ ሕይወት ግማሹ ጥያቄ በተመለሰ ነበር።

እዚህ ላይ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። ሕገ መንግሥቱ በሐምሌ ታወጀ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጃፓንን በዓይኑ ያየው ከዚያ በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ነው። ጉብኝቱ የጥቂት ሳምንታት ነበር። ኅሩይ የተመለከቱትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው በአድናቆት ጽፈውልናል። እንግዲህ መጀመሪያ ጽሑፉን ወሰድን፤ አገሩን ያየነው ኋላ ነው።

ጃፓኖቹስ ራሳቸው እንዴት ነበር የተማሩት? በልዑል ኢዋኩራ የተመራው ታላቅ መልእክት እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1873 በአሜሪካና በአውሮፓ ዞረ። ኢቶ ሂሮቡሚ ሕገ መንግሥት ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ በርሊንና ወደ ቪየና ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ ከመምህራን እግር ሥር ተቀመጠ። ከዚህ የሚበልጠው ግን በአገር ውስጥ የተሠራው ነው። የመሳፍንቱ ግዛቶች በ1871 ቀሩ፤ የትምህርት ሕግ በ1872 ወጣ፤ በዓይነት ይከፈል የነበረው የመሬት ግብር ከ1873 ጀምሮ በገንዘብ እንዲሆን ተደረገ። የከተማና የመንደር አስተዳደር ሕግ የታወጀው በ1888 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በ1889፣ ምክር ቤቱ በ1890 ተከተሉ። መንደሩ ከምክር ቤቱ ቀደመ ማለት ነው። መዝገብ የሚይዝ፣ ቀረጥ የሚሰበስብ፣ ስለ ሰበሰበው የሚጠየቅ የመንደር ሹም በየቦታው ከቆመ በኋላ ነው ጣሪያው የተሠራው። እኛ የወሰድነው ጣሪያውን ነበር።

ይሁንና በዚያ ዘመን ሰዎች ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ጃፓን ከ1871 እስከ 1889 አሥራ ስምንት ዓመት አገኘች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከታወጀ በአራት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ተክለ ሐዋርያትም በዚያ ጊዜ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር። ጊዜ ቢሰጠን ኖሮ ምን እንሠራ እንደነበር መናገር አይቻልም። የሚታወቀው፣ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በነበረው ዘመን ውስጥም ቢሆን ከላይ ወደ ታች የመሥራቱ ልማድ እንዳልቀረ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት ደንብ ሹማምንትን በደመወዝ አሳደረ፤ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። የአውራጃ ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 ግን ገንዘብ የመሰብሰብ ሥልጣኑ በፓርላማ ስላልጸደቀለት ከወረቀት ብዙም አልራቀም።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ፤ ከውጭ የተወሰደ አሠራር ሥር ሰድዶ የታየበት አንድ ጉዳይ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ኢጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሠርተው ነበር። ከነፃነት በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ይህ መንገድ ጥገና በማጣት ተበላሸ፤ ቦዩ ተደፈነ፤ ውሃ በጀርባው ላይ ሄደ፤ ድልድዩ ተቦረቦረ። መንገድ የሚሠራ ኃይል ከመንገድ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ መንገድ የሚጠብቅ ሥርዓት ግን በዋሻና በድልድይ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረን፤ ይህም ባንኩ በአፍሪካ ምድር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 115 የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ ገበሬው «ሃይዌይ» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ሥራውን እንዲመሩና እንዲያስተምሩ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች መጡ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝ የአሜሪካኖቹ ዕውቀት አይደለም። ከመጽሐፍ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ ከመጽሐፍ ልናገኘው እንችል ነበር። የሚያስደንቀኝ የአደረጃጀቱ ጥራት ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ በጀት ነበረው፤ የሠራተኛ ቅጥሩንና ደመወዙን በሙያ መለኪያ ይወስን ነበር። አገሩ በጥገና ክፍሎች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ክፍል ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ይህን ያህል ግሬደር፣ ይህን ያህል ነዳጅ ተብሎ ተሰጠው፤ ያንን ኪሎ ሜትር የሚጠየቅበት ሰው በስሙ ይታወቅ ነበር። አበዳሪው ሒሳብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሒሳብ ይያዛል። ዓለም ገና ላይ በተከፈተው ማሠልጠኛ ኦፕሬተሩ፣ መካኒኩና ፎርማኑ ሠለጠኑ። የውጭው ሰው በየሥራው ጎን ኢትዮጵያዊ እያስቀመጠ፣ ቀስ በቀስ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሄደው በተመሳሳይ ጎዳና ነው፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ የተሾሙት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት ረጅም ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከሰባት ሳምንት ጉብኝት ጋር ሳስተያየው ትክክለኛው የመማሪያ ዘመን ይመስለኛል።

ነውሩንም መሸሸግ አይገባም። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን መልካም አሠራር በራሱ አጥር ውስጥ ቀረ። ደመወዙ ከሌላው ሚኒስቴር የተሻለ፣ ሕጉ ከሌላው የተለየ ስለ ነበር፣ ጎረቤቱ ያለው መሥሪያ ቤት በቅንዓት ተመለከተው እንጂ አልተማረበትም። ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎችን ሲያነጥፍ እንደ መንዝ ያሉ ከመንገዱ ገባ ያሉ አገሮች ለረጅም ጊዜ በእግርና በበቅሎ መሄዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያም በኋላ በተከታታይ በተለወጡት መንግሥታት ዘመን አዲስ መንገድ መሥራት ክብር ያለው፣ የተሠራውን መጠገን ግን የማይታይ ሥራ ሆኖ ቆየ። ይህን ለማረም በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚነሣ ገንዘብ ለጥገና እንዲውል ተደረገ። ይህም ሐሳብ ከውጭ የመጣ ነው፤ የዓለም ባንክና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በጀመሩት የመንገድ ጥገና ፕሮግራም አማካይነት የአፍሪካ አገሮች እርስ በርሳቸው የተማማሩበት ነው። የዚህ ትምህርት ጥቅም፣ አብሮት ኪስ መምጣቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን የውጭ ትምህርቶች በዝርዝር መቁጠር አስፈላጊ አይመስለኝም። በ1990ዎቹ ዓመታት መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የተባለው መጣ። ከስዊድን ተነሥቶ ዓለምን የዞረው የሕዝብ እንባ ጠባቂነት በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 በአገራችን ተቋቋመ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጃፓን እንደገና ወደ እኛ መጣች። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት በሠላሳ ፋብሪካዎች የካይዘንን አሠራር አስጀመረ፤ በኋላም ለዚሁ የሚሆን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን በተሠራበት ቦታ እንደሚጠቅም በዓይኔ አይቻለሁ፤ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘኑን ያስተካከለ መካኒክ የጠፋ ቡለን ሲፈልግ አይውልም። ሆኖም ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን በተመላለስሁበት ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንት ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ሃያ ደቂቃ ይላል አልኋቸው። ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

የጓሳን ነገር በሚገባ የሰማሁት ሞላሌ ላይ ነው። በእናታቸው ወገን ከጌራ ምድር የሚወለዱ አንድ ሽማግሌ፣ የመንገዱን ልኬት ስንወስድ እየመጡ ከእኛ ጋር ይጫወቱ ነበር። እርሳቸው የነገሩኝንና በኋላም ተመራማሪዎች ከጻፉት ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ጓሳ የሣሩም የምድሩም ስም ነው። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ፣ መስኩ በድርቅ ጊዜ ለከብት ይሆናል። በትውፊቱ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ምድሩን ለሁለት ከፍለው ለዘራቸው አወረሱት። የሁለቱም ወገን ተወላጆች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው አባ ቄሮ፣ ሥርዓቱም ቄሮ ይባላል። (ቃሉ ዛሬ በሌላ የአገራችን ቋንቋ ወጣትን ስለሚያመለክት አንባቢ እንዳይሳሳት አሳስባለሁ።) አባ ቄሮው ከሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ምድሩን ይዘጋል። ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ለጥበቃ ሲታዘዝ መውጣት አለበት። ሳይፈቀድ ያጨደ ወይም ከብቱን ያስገባ ከባድ ቅጣት ይቀጣል። ሲከፈት ቀኑ ለሁሉ ይነገራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አለቃው ቢያዳላ የመረጡት ያነሡታል።

«አባቴ፣ አባ ቄሮው ራሱ ቢያጭድስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት ይደብቀዋል ልጄ? ክዳኑ ከሩቅ ይታያል» አሉኝ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው የኤሊኖር ኦስትሮም መጽሐፍ ውስጥ ያነበብሁት ነው። እኒህ አሜሪካዊት ምሁር የጋራ ሀብት ያለ ንጉሥና ያለ ገበያ እንዴት እንደሚጠበቅ በብዙ አገሮች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚ ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከመረመሯቸው ሥፍራዎች አንዱ በስዊስ አገር የሚገኘው ተርበል የተባለው የተራራ መንደር ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1517 የተጻፈ ደንብ፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው መስክ እንዳያወጣ ይከለክላል። ሌላው ምሳሌ ከጃፓን የተወሰደ ነው። የጃፓን መንደሮች «ኢሪአይ» የሚባል የጋራ ደንና የጋራ የሣር ምድር ነበራቸው። ሣሩን ለቤት ክዳን ያውሉታል። የመንደሩ ሹም ተራራው የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል፤ ከዚያ ቀን በፊት ማንም አያጭድም። ጠባቂዎች በፈረስ እየዞሩ አጥፊውን ይይዛሉ፤ ቅጣቱም ገንዘብና የሩዝ ጠላ ነው፤ ሳኬ ይሉታል።

አንባቢ ይህን ከጓሳ ጋር ያስተያየው። አንዱ ለሌላው አልነገረውም፤ ግን ተራራው፣ ሣሩ፣ ክዳኑ፣ የመክፈቻው ቀን፣ ዘበኛው ሁሉም አንድ ነው። በ1923 ዓ.ም. ከቶኪዮ የንጉሡን ሥልጣን የሚገልጸውን ጽሑፍ ስንቀዳ፣ ከጃፓን ከሁሉ ይልቅ የሚመስለን ነገር በመንደሮቿ ተራራ ላይ፣ የእኛም አቻው በመንዝ ተራራ ላይ ነበር። የጃፓን የመንደር ሕግ የቆመው ሒሳብ መጠየቅና መጠየቅ በለመደ ሕዝብ ላይ ነው። እኛም እንዲህ ያለ ሕዝብ ነበረን፤ ግን እንዳለን ስላላወቅን ሕገ መንግሥቱ «ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ» ብሎ ጻፈ። መንዜው አባ ቄሮውን በሚመርጥበት ዘመን ነው ይህ የተጻፈው።

ጃፓንም ንጹሕ አልነበረችም። በሜይጂ ዘመን መንግሥቱ ብዙ የመንደር ደን የራሱ አድርጎ ወስዷል፤ መንደሮቹም ለረጅም ዓመታት ተሟግተውበታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1898 በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኢሪአይን መብት በአንቀጽ አወቀ። የእኛ ዕጣ ሌላ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ታላቅ አዋጅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በጓሳ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮንም አብሮ አፈረሰው። እውነት ነው፣ ቄሮ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነውን የሚያገልል ነበር፤ ያ ጉድለት መታረም ነበረበት። አዋጁ ግን በሩን ሲከፍት ዘበኛውን አሰናበተው። ምድሩ የሁሉ ሲባል የማንም ሆነ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ዳር ዳሩ ታረሰ። ከዓመታት በኋላ ጓሳን የሚያዋስኑ የገበሬ ማኅበራት ራሳቸው ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ዘር ሳይቆጥሩ የአካባቢው ነዋሪ የሆነውን ሁሉ አስገብተው፣ የመዝጋትና የመክፈትን ደንብ እንደገና አቆሙ። ኋላም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወቀ፤ የውጭ አገር የጥበቃ ባለሙያዎችም እየመጡ ይማሩበታል።

ኦስትሮም ረጅም ዘመን የዘለቁትን ሥርዓቶች ሲያወዳድሩ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ምልክት አግኝተዋል። ተጠቃሚው ይታወቃል፤ ደንቡ ለቦታው የተስማማ ነው፤ ደንቡ የሚነካው ሰው በደንቡ አወጣጥ ይካፈላል፤ ዘበኛው ለተጠቃሚው ይጠየቃል፤ ቅጣቱ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳል፤ በላይ ያለውም መንግሥት ሕዝቡ ራሱን የማደራጀት መብቱን ያውቅለታል። ይህን ዝርዝር ይዤ ወደ ኋላ ስመለከት፣ የ1943ቱ የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን የተሳካው የትኞቹን ስላሟላ፣ የግድግዳው ሰሌዳ የከሸፈው የትኞቹን ስለረሳ እንደሆነ ለማየት አያስቸግርም። ባለ ሥልጣኑም ቢሆን ከዝርዝሩ አንዱን በፍጹም አልነካውም፤ መንገዱ የሚያልፍበትን ሕዝብ ስለ ጥገናው አንድም ቀን አማክሮት አያውቅም።

በመጨረሻው የልኬት ቀን ሽማግሌው መጥተው የምንሠራውን ንድፍ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ወረቀቱን በመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼ የመንገዱን መስመር፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹን፣ የዳር ቦዩን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከአንዱ ቱቦ ላይ አድርገው፣ ከዚያ ጋራ የሚወርደው ደራሽ ውሃ ድንጋይና ገለባ ይዞ እንደሚመጣ፣ በየክረምቱም አፉን እንደሚደፍነው ነገሩኝ። ከዚያም ማን እንደሚጠርገው ጠየቁኝ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው አልኋቸው። «እርሱንስ ማን ይጠይቀዋል?» አሉ።

ወረቀቱን እንደገና ተመለከትሁት። የቱቦው ስፋት፣ ተዳፋቱ፣ የሲሚንቶው ደረጃ፣ የሚያሳልፈው የውሃ መጠን ሁሉ ተጽፎበታል። የመመሪያው ቁጥርና የተወሰደበት አገር ስም ከግርጌው አለ። የሚጠርገው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን በንድፉ ላይ የለም። እርሳስ አውጥቼ፣ በዚያ ቱቦ አጠገብ፣ ከጋራው ሥር ያለውን የመንደሩን ስም ጻፍሁ። ከዚያም ጥሪ ይደረግልኝ ብዬ የሽማግሌዎቹን የስብሰባ ቀን ጠየቅኋቸው።